የማታ ተረትና የሰብሳቢው ዕዳ

በአማርኛ ተናጋሪው ገጠር ተረት የሚጀመረው በጥሪና በምላሽ ነው። ተራቿ «ተረት ተረት» ስትል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ካልተቀበሏት ነገሩ አይቀጥልም። መዝጊያውም እንዲሁ በቃል የታሰረ ነው፤ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብላ ታበቃለች። ይህን የመዝጊያ ቃል ብዙ ሰው ልጆችን ለማሳቅ የተጨመረ ጌጥ አድርጎ ያልፈዋል። በጥሞና ላዳመጠው ግን የብድር ውል ነው። ተረቱ ተሰጥቷልና ይመለስ ማለት ነው። የሰማ ሁሉ ባለዕዳ ነው፤ ዕዳውም የሚከፈለው ያንኑ ተረት ለሌላ በመንገር፣ ወይም በምላሹ የራስን ተረት በማምጣት ነው። ለተራቿ ድካም ደግሞ ዳቦ ይገባታል።

ሥነ ቃልን ለመሰብሰብ ደብተር ወይም መቅረጸ ድምፅ ይዞ የሚሄድ ሰው ከዚህ ውል ውጭ ሊሆን አይችልም። ሰምቷል፤ ስለዚህ ዕዳ ገብቷል። የሕዝብን ተረት፣ በተለይም የጭራቅንና የጋኔንን፣ የዛርንና የቡዳን ወሬ የመሰብሰቡ ሥራ ካለፈው መቶ ዓመት በፊት ጀምሮ በኢትዮጵያና በአካባቢዋ እንዴት እንደተካሄደ ሲመረመር፣ ዞሮ ዞሮ የሚያጋጥመው ጥያቄ ይኸው ነው፤ ማን ሰማ? ለማንስ መለሰ?

ፍርሃት የሚሠራው ሥራ

ስለ መናፍስት የሚነገረው ወሬ ከሌላው ተረት የሚለይበት ጠባይ አለው። የቀበሮንና የዝንጀሮን ተረት ተራኪውም ሰሚውም ፈጠራ መሆኑን እያወቁ ይጫወቱታል። ቀበሮ በሰው አፍ እንደማትናገር ሕፃንም ያውቀዋል። የመንፈስ ወሬ ግን ቦታ አለው፤ ያኛው ወንዝ፣ ይህኛው ዋርካ፣ ከመንደሩ በስተጀርባ ያለው ገደል ይባላል። የዐይን ምስክርም አለው፤ የአጎት ሚስት፣ የጎረቤት እረኛ አይቷል ይባላል። ሰሚው ነገ ከዚያ ወንዝ ውኃ ሊቀዳ፣ በዚያ ዋርካ ሥር ከብቶቹን ሊያሳርፍ ነውና፣ ወሬው ከምድጃው ዳር ተነሥቶ አብሮት ይወጣል።

ስለዚህ የመናፍስት ወሬ የአንድ አካባቢ የፍርሃት ካርታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በቀትር ብቻህን ወንዝ አትውረድ፤ ሲመሽ አመድ የተደፋበትን አትርገጥ፤ በሌሊት አታፏጭ፤ በጨለማ ስምህ ቢጠራ ፈጥነህ «አቤት» አትበል። እነዚህን ክልከላዎች ብቻቸውን ለቅሞ በዝርዝር የሚያሰፍር ሰው የአጉል እምነት መዝገብ ያገኛል። ከወሬዎቹ ጋር አያይዞ፣ ቦታውንም ሄዶ አይቶ የመዘገበ ግን ሌላ ነገር ይገለጥለታል። ቀትር ማለት በወንዙ ዳር ሰው የሚጠፋበት፣ ልጅ ቢሰምጥ የሚደርስለት የሌለበት ሰዓት ነው። የአመድ ቁልል ደግሞ ያልበረደ ፍም ሊደበቅበት ይችላል።

ይህ ሲባል ግን እያንዳንዱን ወሬ ወደ ምክርና ወደ ጥቅም መመንዘር ይቻላል ማለት አይደለም። አንዳንድ የተማሩ ሰዎች የገጠሩን ፍርሃት በዚህ መንገድ ሲተረጉሙት ይውሉና የተረዱት ይመስላቸዋል። የሰው ልጅ የሚፈራው መፍራቱ የሚጠቅመውን ነገር ብቻ አይደለም። ሐዘንም፣ ቂምም፣ ምቀኝነትም፣ ያለጊዜው የተቀጨ ሕፃን ትዝታም መልክ ፈልገው በጨለማ ይቆማሉ።

ለዚህ የውርዝልያን ታሪክ ማስታወስ ይበቃል። ውርዝልያ ሕፃናትን የምትገድል፣ ርኩስ መንፈስ ያደረባት ሴት ናት፤ ቅዱስ ሱስንዮስ በፈረስ ተቀምጦ በጦር ይወጋታል። ታሪኩ ከጸሎት ጋር በግእዝ በብራና ይጻፋል፤ ልጅ የሞተባት ወይም መውለጃዋ የደረሰ እናት ክታቡን ትይዘዋለች። የጥቅሉ ርዝመት ብዙ ጊዜ በባለቤቲቱ ቁመት ልክ ይወሰናል፤ የክርስትና ስሟም በጸሎቱ መካከል ይገባል። ከዚህ እንደምንረዳው አስፈሪን ወሬ በጽሑፍ መጠበቅ በኢትዮጵያ ከባሕር ማዶ የመጣ ሐሳብ አይደለም። ደብተራው ከሁሉ ቀድሞ ሠርቶበታል። ልዩነቱ ክታቡ ለአንድ ሰው፣ በቁመቱ ልክ፣ ለአንድ ጭንቀት የተጻፈ መሆኑ ነው። ዛሬ ከእነዚህ ክታቦች ብዙዎቹ በአውሮፓና በአሜሪካ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክሮች ተጠቅልለው ይገኛሉ። የእናቲቱ ስም በውስጣቸው እንደተጻፈ ነው። ማን እንደነበረች፣ ልጇ ተርፎላት እንደሆነ ግን የሚነግር የለም። የዕቃው መጠበቅና የታሪኩ መጠበቅ አንድ ነገር አለመሆኑን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ምሳሌ አይገኝም።

አንዱ ጅብ በሁለት አገር

ሰብሳቢው አንድን ወሬ ከአንድ ሥፍራ ብቻ ሰምቶ «የኢትዮጵያ ሕዝብ እንዲህ ያምናል» ብሎ ቢጽፍ ይሳሳታል። የጅብን ነገር እንመልከት። በሰሜኑ ደጋ የማታው ጅብ በጥርጣሬ የሚታይ ፍጥረት ነው፤ ቡዳ በሌሊት ጅብ ይሆናል ይባላልና። በሐረር ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጅብ በጀጎል ግንብ ሥር በተተዉት ቀዳዳዎች ሾልኮ ወደ ከተማው ይገባል፤ በየመንገዱ የሚያደቡትን ክፉ መናፍስት ይበላል ተብሎ ይታመናል። በዓሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ ተሠርቶ ይቀርብለታል፤ በአበላሉም የመጪው ዓመት ዕጣ ይነበባል። አንዱ አገር ክፉው ያደረበት አውሬ ነው ሲል፣ ሌላው አገር ክፉውን የሚውጥ ጠባቂ ነው ይላል። እንስሳው አንድ ነው፤ ድምፁም አንድ ነው። የሚለየው በዙሪያው የተሠራው ወሬ ነው። የየአካባቢው ሥነ ቃል በየቦታው፣ በየቋንቋው ካልተሰበሰበ ይህን የመሰለው ልዩነት በአንድ ድፍን ስም ሥር ተቀብሮ ይቀራል።

ዛርም እንዲሁ ነው። ስለ ዛር መገኛ በሰፊው ከሚነገሩት ታሪኮች አንዱ ወደ ሔዋን ይወስዳል። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ነበሯት፤ ፈጣሪ ሊጎበኛት በመጣ ጊዜ ዐይን እንዳይበዛባቸው ፈርታ አሥራ አምስቱን ቆንጆዎች ደበቀቻቸው። የተደበቁት ተደብቀው ቀሩ፤ የማይታዩትም መናፍስት የእነርሱ ዘር ናቸው ይባላል። እንግዲህ በዚህ ታሪክ መሠረት ዛር ባዕድ አይደለም፤ የሰው ወንድምና እኅት ነው። እናት በፍቅርና በስስት የደበቀችው ልጅ ተመልሶ የታዩትን ልጆች ይዞ ያስጮኻል። ይህን ታሪክ «ሰይጣን ነው» ወይም «በሽታ ነው» ብሎ በአንድ ቃል መዝጋት ቀላል ነው፤ ታሪኩ ግን ከሁለቱም ቃላት ይሰፋል።

የሰሙና የጻፉ

ኦሮምኛን በጽሑፍ ከጠበቁት ሰዎች መካከል የአስቴር ጋኖ ስም በግንባር ቀደምትነት ሊነሣ ይገባል። አስቴር በልጅነታቸው ለባርነት የተዳረጉ ናቸው። በ1886 እ.ኤ.አ. ወደ ዐረብ አገር ሊሸጡ በጀልባ ሲወሰዱ በጣልያን መርከቦች ተይዘው ነፃ ወጡ፤ ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በሚገኘው የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እርሳቸውም እንደ አስቴር ከባርነት የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ሲመልሱ ከጎናቸው ሠርተዋል። ከዚሁ ጋር አምስት መቶ የሚያህሉ እንቆቅልሾችን፣ ተረቶችን፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮችንና ዘፈኖችን ጽፈዋል። ከእነዚህ ውስጥ የተመረጡት በ1894 እ.ኤ.አ. በእምኩሉ በታተመው የኦሮምኛ ማንበቢያ መጽሐፍ ገብተዋል።

የአስቴር ሥራ በሁለት ነገር ይለያል። አንደኛ፣ የሰበሰቡት ከመንደር ወደ መንደር እየተዘዋወሩ ሳይሆን ከገዛ ትዝታቸው ነው። ቤታቸውን፣ ዘመዶቻቸውን፣ አገራቸውን ተነጥቀዋል፤ ነጣቂው ሊወስድባቸው ያልቻለው በልጅነት የሰሙትን ቃል ነበር። ሁለተኛ፣ የጻፉት ለሊቃውንት ጉባኤ አይደለም። የኦሮሞ ልጅ በገዛ ቋንቋው ማንበብ እንዲማርበት ነው። ከሴት አያቶች አፍ የተነሣው ተረት ወደ ልጆች አፍ ተመለሰ። ዕዳው በዚህ ዓይነት ተከፈለ።

ከዚያ በኋላ የመጡት የውጭ አገር ተመራማሪዎች ሥራ ሰፊ ነው፤ ሊናቅም አይገባም። ጀርመናዊው ሊቅ ኤኖ ሊትማን በ1905 እ.ኤ.አ. የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲን የጥናት ጓድ ይዞ ወደ ኤርትራ መጥቶ በመንሳዕ ሕዝብ መካከል ተቀመጠ። በትግረ ቋንቋ የተነገሩት ተረቶች፣ ልማዶች፣ ስሞችና ሙሾዎች ከ1910 እስከ 1915 እ.ኤ.አ. በበርካታ ጥራዞች ታተሙ። ጥራዞቹ የሚጠሩት በሊትማን ስም ነው። ከተረቶቹና ከግጥሞቹ ብዛት ያለውን ከአገሩ ሰው አፍ እየሰማ የጻፈው ግን ናፋዕ ወድ ዕትማን የተባለ የመንሳዕ ወጣት ነበር። ናፋዕ ለዚሁ ሥራ ወደ ስትራስቡርግ ሄደ፤ በ1909 እ.ኤ.አ. ወደ አገሩ ሲመለስ በባሕር ላይ ጠፋ። የደከመባቸው መጻሕፍት ሲታተሙ አላየም። ስለ ሙታን የሚነገረውን ሙሾ ሲሰበስብ የኖረው ሰው መቃብር ሳይኖረው ቀረ።

በ1932 እ.ኤ.አ. ደግሞ በማርሴል ግሪዮል የተመራው፣ ከዳካር ተነሥቶ እስከ ጅቡቲ የዘለቀው የፈረንሳዮች ጓድ ወደ ጎንደር ገባ። ከጓዱ አባላት አንዱ ደራሲው ሚሼል ሌሪስ ነበር። ሌሪስ መልካም አየሁ ከተባሉት የዛር ባለሙያ ቤት ለወራት ተመላለሰ። ሲከታተል የሰነበተው የዛሮቹን ስም፣ የየዛሩን ፉከራ፣ በሽተኛዋ የዛሩ «ፈረስ» ሆና የምትታይበትን ሥርዓት ነው። ከአስተርጓሚነት አልፎ በአማርኛ ማስታወሻ እየጻፉ ነገሩን የገለጡለት አባ ጀሮም ገብረ ሙሴ ነበሩ። ሌሪስ በ1958 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የዛር ሥርዓት የቲያትር ጠባይ እንዳለው አብራራ። ለመድረክ ለሚጽፍ ኢትዮጵያዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የዛሩ ቤት ገጸ ባሕርያት ያሉት፣ አልባሳት ያሉት፣ ተመልካቹ ራሱ ተዋናይ የሚሆንበት ጨዋታ ሲካሄድበት ኖሯል። ጨዋታ ነው ማለት ግን ማስመሰል ነው ማለት አይደለም። ሴቲቱ በዛሩ ስም ስትናገር በራሷ ስም ቢሆን ለባሏና ለአማቷ ልትናገረው የማትደፍረውን ትናገራለች፤ የሚሰማትም ታገኛለች።

ይሁን እንጂ ያ ጓድ ከጎንደር የወጣው ማስታወሻ ብቻ ይዞ አይደለም። በአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የነበሩትን ጥንታዊ ሥዕሎች አንሥቶ፣ በምትካቸው የተቀዱ ሥዕሎች ትቶ፣ ዋናዎቹን ወደ ፓሪስ ወሰደ። እስከ ዛሬም እዚያው ናቸው። ግድግዳው ባዶ አልቀረም፤ ቅጂ አለው። በተረት ረገድ የሆነው ግን ተቃራኒው ነው። ተረቱ ከተናጋሪው አፍ አልተነቀለም፤ የተወሰደው ቅጂው ነው። ነገር ግን ተናጋሪው ከሞተና ልጁ ካልተቀበለው፣ ቅጂው ብቸኛው ዋና ሆኖ በባዕድ አገር፣ በባዕድ ቋንቋ ይቀራል። የመልካም አየሁን ቤት ለማወቅ የሚፈልግ የጎንደር ወጣት ፈረንሳይኛ መማር ግድ ይሆንበታል።

በአገር ውስጥ የተደረገው ጥረትም ትንሽ አይደለም። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል ተረቶችን ሰብስበው «እንቅልፍ ለምኔ» በሚል ርእስ አሳትመዋል። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ውስጥ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዘክር አደራጅቷል። አባባ ተስፋዬ በመባል የሚታወቁት ተስፋዬ ሣህሉ፣ በ1957 ዓ.ም. ሥራውን በጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከአርባ ዓመት በላይ ለልጆች ተረት ሲነግሩ ኖረው በ2009 ዓ.ም. ዐርፈዋል። እርሳቸው ምላሹን የማይሰሙበት ሣጥን ፊት ተቀምጠው ጥሪውን አልተዉም፤ ልጆችም በየቤታቸው ሆነው ሲመልሱ ኖረዋል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ምሁር ፈቃደ አዘዘ «የሥነ ቃል መመሪያ»ን ለአጥኚዎች አበርክተዋል። በ1998 እ.ኤ.አ. በታተመ ሌላ ሥራቸውም በ1977ቱ ረኀብ ዘመን ገበሬው ስለ ድርቁና ስለ ፈጣሪው የገጠመውን ቃል ሰብስበው አቅርበዋል። በጋዜጣና በሪፖርት ያልተገኘው የረኀብተኛው ድምፅ በዚያ ይሰማል። ሥነ ቃል የጥንት ነገር ብቻ ነው የሚለውን አስተሳሰብ ለማፍረስ ይህ ብቻ በቂ ነው።

ተረቱ ቁስል ሲሆን

እስካሁን የተባለው ሁሉ ሥነ ቃል ሁልጊዜ መልካም ቅርስ ነው፣ ሰብሳቢውም ከመጥፋት ሊያድነው ብቻ ይገባል የሚል ስሜት ሊያሳድር ይችላል። ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። የቡዳ ወሬ አለ።

ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸክላ የምትሠራው፣ ቆዳ የሚፍቀው ሰው ዐይኑ ይበላል፤ በሌሊት ጅብ ይሆናል፤ መቃብር ይቆፍራል ሲባል ኖሯል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ጆሮው ላይ ጉትቻ የተገኘበት ጅብ መኖሩን ጽፏል። ጉትቻው የባለእጁ ነው፤ ጅብ ሲሆን ማውለቁን ረስቶት ነው ይባላል። ይህን ወሬ በምድጃ ዳር የሚሰማ ልጅ ሰውነቱን ይቀፈዋል፤ ወሬውም ያምራል። ይሁን እንጂ በነጋው ያው ልጅ ማረሻ ሊያስቀጠቅጥ ወደ ባለእጁ ቤት ሲላክ ዐይኑን እንዳያየው እየፈራ፣ የሰጠውን ሳይቀምስ ይመለሳል። ለቤቱ ድስትና ጀበና፣ ለእርሻው ማረሻ የሚሠራለትን ሰው ጅብ ሲል አደገ ማለት ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለእጆችን በሥራቸው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አውጥተው ነበር። ዐዋጁ ስድቡን ከለከለ፤ ተረቱን ግን ዐዋጅ አይደርስበትም። ተረት ማታ ነው የሚነገረው።

በጎንደርና በዙሪያዋ ይህ ወሬ ከሁሉ ይልቅ የከበደው በቤተ እስራኤል ላይ ነበር። ወንዶቹ ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። በ1984 እ.ኤ.አ. መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በሱዳን በኩል፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄዱ፤ በግንቦቱ ጉዞ ብቻ በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ከአሥራ አራት ሺህ በላይ ሰዎች ተወስደዋል። ከጎንደር በስተሰሜን በምትገኘው ወለቃ ቤቶቹ ቀሩ፤ ሸክላውንም ሌሎች ሠርተው ለጎብኚ መሸጥ ቀጠሉ። ወሬውም ባለቤቶቹ ከሄዱ በኋላ አልጠፋም።

ታዲያ ሰብሳቢው ምን ያድርግ? ወሬው ያሳፍራልና አይጻፍ የሚሉ አሉ። ዝምታ ግን ወሬውን አያጠፋውም፤ ከምርመራ ብቻ ያድነዋል። ሌሎች ደግሞ ሕዝብ ያለውን እንዳለ ማስፈር ነው እንጂ ፍርድ የሰብሳቢ ሥራ አይደለም ይላሉ። እንዲህ ያለው መጽሐፍ በአንባቢ እጅ ሲገባ፣ የምድጃው ዳር ወሬ የማተሚያ ቤት ክብር ተጨምሮለት እንደገና ይናከሳል። ሁለቱም ወገኖች የዘነጉት አንድ ነገር አለ። የቡዳ ወሬ ሁለት አፍ አለው። አንደኛው ስለ ቡዳው የሚያወራው ጎረቤት ነው። ሁለተኛው ቡዳ ነህ የተባለው ሰው ነው። ለረጅም ዘመን የተሰማው የመጀመሪያው ብቻ ነበር።

ሐጋር ሰለሞን የተባሉት የእስራኤል ተመራማሪ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ይህን ጉድለት ሞልተዋል። እስራኤል የገቡትን ቤተ እስራኤል አነጋግረው፣ በኢትዮጵያ ሳሉ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር እንዴት ይኖሩ እንደነበር፣ ጅብ መባልን እንዴት ይሸከሙት እንደነበር ከራሳቸው አፍ ጽፈዋል። መጽሐፉ ስሙንም ያገኘው ከጅብ ነው። በዚያ የሚገኘው ምሬት ብቻ አይደለም። በሠርግና በለቅሶ መረዳዳት፣ በጋራ ገበያ መዋል፣ ተፈራርቶም ተዋዶም መኖር አብሮ ይነገራል። የጎረቤቱ ወሬና የተወራበት ሰው ወሬ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው ተረቱ ሙሉ የሚሆነው። አንዱ ብቻውን ሲቀርብ ክስ ነው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቀርቡ የአንድ ኅብረተሰብ ታሪክ ይሆናሉ።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለቡዳ ወሬ ብቻ የሚያገለግል አይደለም። ስለ ጭራቅ ሲነገር ጭራቅ የተባለችው አሮጊት ማን ናት? ልጅ የሌላት፣ ከመንደሩ ዳር የምትኖር ናትን? ስለ ዛር ሲነገር ዛር የያዛት ሴት ራሷ ምን ትላለች? በአስፈሪ ወሬ ውስጥ ብዙ ጊዜ ስሙ ተጠርቶ ድምፁ ያልተሰማ ሰው አለ። እርሱን መፈለግ የሰብሳቢው ግዴታ ነው።

ምን ይጻፍ? ለማን ይመለስ?

«በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ይባላል። ምሳሌው እውነት ነው፤ የሚወረሰው ግን የተጻፈው ብቻ ነው። ሰብሳቢው ያልጻፈው ሁሉ ከአባባሉ የመጀመሪያ ግማሽ ጋር ይሄዳል። ስለዚህ የታሪኩን ፍሬ ነገር በተስተካከለ አማርኛ አሳጥሮ ማስፈር አይበቃም። ተራቿ የጎጃም አነጋገር ከተናገረች የጎጃም አነጋገሯ ይጻፍ፤ በአገውኛ ወይም በሲዳምኛ ከተናገረችም በዚያው ቋንቋ ይጻፍና ትርጉሙ ከጎኑ ይቁም። ልጆቹ የት ላይ እንደሳቁ፣ የት ላይ ወደ እናታቸው እንደተጠጉ፣ ሽማግሌው የት ላይ «ኧረ እንዲህ አይደለም» ብሎ እንደገባ ይመዝገብ። ወሬው የሚጠራው ወንዝና ዛፍ በስሙ ይገለጥ። ወሩና ዓመቱ፣ ሰዓቱም ጭምር ይጻፍ። በቀን ብርሃን፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ ለእንግዳ የተነገረ የጋኔን ወሬ በማታ ለልጆች ከተነገረው እንደሚለይ ለማወቅ ብዙ ምርምር አያስፈልግም።

ፈቃድም ይጠየቅ። የዛርን ስም መጥራት ለሌላው ጨዋታ ይሁን እንጂ ለባለቤቲቱ አደጋ ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ወሬ የአንድ ቤተሰብ ገመና ነው፤ የሟቹ ስም ሲነሣ የሚያለቅስ ሰው በሕይወት አለ። ሰብሳቢው መዝግብ የተባለውን እንደሚመዘግብ ሁሉ፣ ተው የተባለውን መተው ማወቅ አለበት። በቡዳነት የተጠረጠረ ሰው ስም ግን ተፈቀደም አልተፈቀደም በምንም ምክንያት ሊታተም አይገባም።

ዛሬ የመሣሪያ እጥረት አለ ማለት አይቻልም። ቀድሞ አንድ ቴፕ ሪኮርደር ለማግኘት የመሥሪያ ቤት ደብዳቤ ያስፈልግ ነበር፤ አሁን እረኛው ራሱ በኪሱ በያዘው ስልክ የአያቱን ድምፅ መቅዳት ይችላል። ችግሩ ሌላ ነው። ስም፣ ቦታና ቀን የሌለው ቅጂ በዝቷል፤ ስልኩ ሲበላሽም አብሮ ይጠፋል። ኢትዮጵያ በ2003 እ.ኤ.አ. የወጣውን፣ የማይዳሰሱ ቅርሶችን ለመጠበቅ የተደረገውን የዩኔስኮ ስምምነት በ2006 እ.ኤ.አ. አጽድቃለች። መስቀልና ፍቼ ጨምበላላ፣ ገዳና ጥምቀት፣ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐረሪዎች ሹዋሊድ በዓል በዓለም መዝገብ ሰፍረዋል። እነዚህ በአደባባይ የሚከበሩ፣ ለዐይን የሚሞሉ ናቸው። የምድጃው ዳር ወሬ ግን አደባባይ የለውም፤ ሰልፍ አይወጣም። ማንም ሳያየው ከአንዲት ባልቴት ጋር ይቀበራል። በቅርቡ ዓመታት በጦርነትና በመፈናቀል ምክንያት ብዙ ቤተሰብ ከቀዬው ወጥቷል። ወሬው የሚጠራው ወንዝ ወደ ኋላ ቀርቷልና፣ በመጠለያ ድንኳን የሚያድገው ልጅ የትኛውን ወንዝ በቀትር መፍራት እንዳለበት አያውቅም። እንዲህ ያለው ልጅ ተረቱን የሚያገኘው ሰው ካደረሰለት ብቻ ነው።

ስለዚህ የመጨረሻው ነገር መመለስ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ለመመረቂያ የተጻፉ የሥነ ቃል ጥናቶች በየመደርደሪያው ተቀምጠዋል፤ ቃሉ የተገኘበት ወረዳ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ቅጂ እንኳ አልደረሰውም። ከአንድ ወረዳ የተሰበሰበ ተረት ለዚያው ወረዳ ትምህርት ቤት በትንሽ መጽሐፍ ቢመለስ፣ የተቀዳው ድምፅም በአካባቢው ሬዲዮ ማታ ማታ ቢሰማ፣ የተራቿም ስም ፈቃዷ ከሆነ በሽፋኑ ላይ ቢጻፍ፣ አስቴር ጋኖ በ1894 እ.ኤ.አ. ያደረጉት ነገር ዛሬም ሊደረግ እንደሚችል ይታያል። ወጪው ከባድ አይደለም። የሚከብደው የሰሙትን የራስ ንብረት አድርጎ ማየትን መተው ነው።

ተራቿ ስትጨርስ የጠየቀችው ሁለት ነገር ነበር፤ ተረቷንና ዳቦዋን። እስካሁን ብዙ ሰብሳቢ ሁለቱንም ሳይከፍል ከደጇ ወጥቷል። እርሷ ግን ዛሬም ቢሆን እንግዳ ሲመጣባት እሳቱን ትቆሰቁሳለች፤ ልጆቹንም ትጠራለች።